ሰንስክሪን በየቀኑ መቀባት፦ ስንት ይበቃል? የቱ ቦታ ይረሳል? መቼ ይደገማል?

መዓዛ_ፋርማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፀሐይ መከላከያ ክሬም በተነሳ ቁጥር ወሬው «30 ይሻላል ወይስ 50?» ብሎ ይጀመርና እዚያው ያልቃል። ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ መጠኑ ነው።

ቱቦው ላይ ያለው ኤስፒኤፍ (SPF፣ የመከላከል አቅሙን የሚናገረው ቁጥር) የሚለካው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ክሬም አሳርፈው ነው። ሰዎች በለመዱት መንገድ ሲቀቡ ተመዝኖ የተገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም ነው። የሚያስፈልገውን ሩብ ወይም ግማሽ ማለት ነው። ክሬሙ ሲሳሳ መከላከያውም አብሮ ይወርዳል፤ ባለ 50ው በግማሽ መጠን ከተቀባ 25 ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይሆናል። በሩብ ከተቀባማ 50 ተብሎ መገዛቱ ምንም አልፈየደም።

ለፊት የሚበቃው ይህን ያህል ነው፦ ሌባ ጣትንና የመሃል ጣትን አጋጥሞ መዘርጋት፣ ከዚያ ከጣቶቹ ሥር እስከ ጫፋቸው ሁለት መስመር ክሬም ማውጣት። ይህ ለፊት ብቻ ነው። ለአንገት፣ ለማጅራትና ለጆሮ እንደገና ሌላ ሁለት መስመር። በማንኪያ መለካት ለሚቀለው፣ ለፊትና ለአንገት በአንድ ላይ በትንሹ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 2.5 ሚሊ ሊትር።

ራሳችሁን መፈተኛ ቀላል ሒሳብ አለ። ባለ 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ በቀን 2.5 ሚሊ ሊትር ቢወጣለት 20 ቀን ነው የሚቆየው። አራት ወር ከቆየ በቀን የወጣው 0.4 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ አተር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ውድ ሆኖ እየተቆጠበ ከሚቀባ ክሬም ይልቅ ሳትሳሱ የምትቀቡት ይሻላችኋል።

አቀባቡ፦ መጠኑን ለሁለት ከፍሉት። የመጀመሪያውን ግማሽ ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮች፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ነጠብጣብ አድርጋችሁ ሳታሹ በቀስታ ዘርጉት። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ቀሪውን በላዩ ድገሙ። ለሁለት መክፈሉ የሚጠቅመው መጀመሪያ የዘለላችሁትን ቦታ ሁለተኛው ዙር ስለሚያገኘው ነው። ከቤት ከመውጣት 15 ወይም 20 ደቂቃ በፊት መቀባት ደግሞ ሽፋኑ እንዲረጋ ጊዜ ይሰጠዋል።

የሚረሱ ቦታዎች፦ የጆሮ ጫፍና ጀርባው፣ የፀጉር መነሻ መስመር፣ የዓይን ቆብ፣ የአፍንጫ ግራና ቀኝ እጥፋት፣ ማጅራት፣ የአንገት ጎን፣ አይበሉባ፣ ጫማው ክፍት ከሆነ የእግር ገጽ፣ ፀጉር የተከፈለበት መስመር። አይበሉባ ላይ በተለይ ልብ በሉ። ጠዋት ብትቀቡትም እጃችሁን በታጠባችሁ ቁጥር ይሄዳል።


ፀደይ_21፦

መዓዛ፣ እናመሰግናለን። ሁለት ጣት ሙሉ ሲቀባ ግን ፊት ላይ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ይረግፋል። በዚያ ላይ ወዙ! ብዙ ሰው መጠኑን የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መፍትሔ አለው?


ቀመርተኛው፦

ፀደይ፣ አለው። መጀመሪያ ለምን እንደሚሆን እንይ። ሰንስክሪን ሲደርቅ ስስ ሽፋን የሚሠሩ ነገሮች አሉበት፤ ጨረሩን የሚያስቀሩትን ማጣሪያዎች ቆዳው ላይ እኩል ዘርግቶ የሚያቆያቸው ያ ሽፋን ነው። ገና ያልደረቀ ማርጠቢያ ወይም ሴረም ላይ ከተቀባ ከሥሩ መያዣ ያጣል። በጣት ስታሺው ተሰብስቦ ይጠቀለላል። ከሥር ያለው ጄል ሲሆን፣ ወይም ሲሊኮን የበዛበት ቅባት በውኃማ ቅባት ላይ ሲደረብ ይብሳል።

ስለዚህ ማርጠቢያውን ቀንሺና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቂ። ጉንጭሽን በአይበሉባሽ ስትነኪው መጣበቁ ካልቀረ ገና ነው። ወዛም ቆዳ ካለሽ ማርጠቢያውን ጭራሽ ተዪው፤ ብዙዎቹ ሰንስክሪኖች በራሳቸው ማርጠቢያ ናቸው። ሁለተኛውን ዙር ደግሞ አትሺው፣ በመዳፍሽ ጫን ጫን እያደረግሽ አሳርፊው።

ሙሉ ፊት ላይ ከመሞከርሽ በፊት አይበሉባ ላይ ሞክሪ። ማርጠቢያውን በስሱ ቀቢ፣ ይድረቅ፣ ሰንስክሪኑን ጨምሪና በጣትሽ አሥር ጊዜ ክብ አዙሪ። ፍርፋሪ ከወጣ ሁለቱ አይስማሙም፤ አንዱን መቀየር ነው። ጥፋቱ የሰንስክሪኑ ብቻ ነው ብለሽ አትደምድሚ፣ ብዙ ጊዜ ከሥር ያለው ነው።

ወዙን በተመለከተ፣ ከተቀባ በኋላ 10 ደቂቃ ስጪው። መጀመሪያ የሚታየው ማብረቅረቅ ግማሹ ገና ያልተነነ ፈሳሽ ነው። ከዚያም ካስቸገረ ስስ ወረቀት በላዩ ጫን አድርጎ ማንሳት ይቻላል፤ መጥረግ ግን አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፋውንዴሽንና ሰንስክሪን መዳፍ ላይ ደባልቆ መቀባት ይቅር። ክሬሙ የተለካው እንደተሠራው ነው። ሌላ ነገር ሲገባበት ሽፋኑ ይቆራረጣል፤ ምን ያህል መከላከያ እንደቀረ ደግሞ በዓይን አይታይም።


የዋህ_ጠያቂ፦

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንድ፣ ኤስፒኤፍ 30 ማለት በ10 ደቂቃ የሚቃጠል ሰው 300 ደቂቃ ፀሐይ ላይ መቆየት ይችላል ማለት ነው ይባላል። እውነት ነው? ሁለት፣ ባለ 30 ሰንስክሪን ላይ ባለ 15 ፋውንዴሽን ቢደረብ 45 ይሆናል?


መዓዛ_ፋርማ፦

ሁለቱም አይደሉም። ቁጥሩ የሚነግርህ ቆዳው ላይ ከሚያርፈው አቃጣይ ጨረር ስንት እጁ እንደሚያልፍ ነው። 15 ከሆነ ከ15 አንዱ ያልፋል፣ 93 በመቶው ይቀራል። 30 ሲሆን 97 በመቶ፣ 50 ሲሆን 98 በመቶ ይቀራል። እንዲህ ሲታይ በ30ና በ50 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። የሚያልፈውን ብታይ ግን አንዱ 3.3 በመቶ፣ ሌላው 2 በመቶ ነው። ቀጠን አድርጎ የመቀባት ልማድ ላለው ሰው ደግሞ 50ው የተወሰነ መጠባበቂያ ይሰጠዋል፤ በአብዛኛው 50 እንዲገዛ የምመክረውም ለዚህ ነው።

በደቂቃ ማባዛቱ የማይሠራው የፀሐይ ጉልበት በየሰዓቱ ስለሚለያይ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ያለው 10 ደቂቃና ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ያለው 10 ደቂቃ አንድ አይደሉም። ክሬሙም በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በላብና በንክኪ እየሳሳ ነው የሚሄደው።

ኤስፒኤፍ አይደመርም። ከፍ ያለውን ያዝ፣ ፋውንዴሽኑን ለመልክ ብቻ ቁጠረው። ፋውንዴሽን በሁለት ጣት መጠን የሚቀባ ሰው የለምና 15 የተባለውም 15 አይሆንም። የፓውደር መከላከያም እንደዚሁ ነው፤ ከላይ ለማደስ ይረዳ ይሆናል እንጂ ብቻውን አይበቃም።


ደርማ_ነክ፦

ውይይቱ ጥሩ ነው፤ አንድ የተዘለለ ነገር ግን አለ። ኤስፒኤፍ በዋናነት የሚለካው ዩቪቢን፣ ማለትም ቆዳን የሚያቃጥለውን የዩቪ (አልትራቫዮሌት) ጨረር ነው። ወደ ቆዳ ጠልቆ የሚገባው ዩቪኤ ሳያቃጥል፣ ሳያቀላ ሥራውን ይሠራል። ቆዳን የሚያጠቁር፣ የሚያሸበሽብና ማድያትን የሚያነሳሳ እሱ ነው። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ሁለተኛ ምልክት መፈለግ ያስፈልጋል።

የአውሮፓ ምርት ከሆነ በክብ ውስጥ የተጻፉ «UVA» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉት፤ የዩቪኤ መከላከያው ቢያንስ የኤስፒኤፉን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው ማለት ነው። ከጃፓንና ከኮሪያ የሚመጡት «ፒኤ» ብለው የመደመር ምልክት ይደረድራሉ። አራት መደመር ከፍተኛው ነው። የአሜሪካኖቹ ላይ ደግሞ «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል ጽሑፍ ይፈለጋል። ከነዚህ አንዱም የሌለበት ባለ 50 ክሬም ከማቃጠል ያድን ይሆናል፤ ለማድያት ግን አላምነውም።

ስለ መስኮትም ተያይዞ ይጠየቃል። ተራ መስታወት ዩቪቢን አብዛኛውን ያስቀራል፣ ከዩቪኤ ግን ብዙ ያሳልፋል። የመኪና የፊት መስታወት ሁለት ንጣፍ ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ አብዛኛውን ዩቪኤ ይይዛል። የጎን መስታወቶች እንደ መኪናው ይለያያሉ። ብዙ ሰዓት የሚያሽከረክር ሰው በመስኮቱ በኩል ያለውን ጉንጩን፣ ጆሮውንና ክንዱን መቀባት አለበት። ከመስኮት ርቆ ቤት የሚውል ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እየደጋገመ መቀባት አያስፈልገውም።


ጥላዬ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ምክር ለነጭ ቆዳ የተጻፈ ይመስለኛል። ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው መከላከያ አለው። ለምን እናስጨንቃለን?


ደርማ_ነክ፦

ጥላዬ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ግማሹን እቀበልሃለሁ። ሜላኒን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ እውነተኛ መከላከያ ነው። በጥናት ሲለካ ጥቁር የላይኛው ቆዳ ብቻውን የ13 ያህል ኤስፒኤፍ ጥበቃ ሰጥቷል፣ ነጩ ደግሞ 3 ገደማ። በዚህ የተነሳ ከፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰር ጥቁር ቆዳ ላይ በጣም ያነሰ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ የሚታየው ሜላኖማ (አደገኛ የቆዳ ካንሰር ዓይነት) አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ነው፤ ፀሐይ እምብዛም በማያገኘው ቦታ ማለት ነው። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1981 የሞተበት ሕመም የጀመረው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። እሱን ሰንስክሪን አያስቀረውም። ጥፍር ሥር አዲስ የወጣ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፣ ውስጥ እግር ላይ ያለ የማይድን ቁስል ወይም መልኩ የሚለዋወጥ ነጥብ ካለ መታየት አለበት።

የማልቀበልህ ሌላው ግማሽ ማድያትና ጠባሳ ነው። ጥቁርና ጠይም ቆዳ ለመጥቆር ፈጣን ነው። ብጉር ሲድን የሚተወው ጥቁር ምልክት፣ ጉንጭና ግንባር ላይ የሚወጣው ማድያት፣ በፀሐይ ይጠቁራል፤ ቶሎም አይለቅም። እዚህ ላይ ደግሞ ጥፋተኛው ዩቪ ብቻ አይደለም። በዓይን የምናየው ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው ክፍሉ፣ ጠቆር ያለ ቆዳን ያጠቁራል። ግልጽ የሆነ ሰንስክሪን ይህን ብርሃን ያሳልፈዋል። የሚይዘው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ማለትም ቡናማ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ነው። ለማድያት ሕክምና ጀምሮ ቀለም አልባ ሰንስክሪን የሚቀባ ሰው ለውጥ ካላየ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

አልቢኒዝም ያለበት ሰው ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሜላኒኑ በጣም ጥቂት ነው ወይም የለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ባለ 50 ሰንስክሪን፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና ጥላ ለእሱ የግድ ናቸው። ለምፅ ያለበት ሰውም ነጣ ያለው ቦታ ቶሎ ይቃጠላልና እሱን ቦታ መሸፈን ይገባዋል።


ፀደይ_21፦

ቀለም ያለው ሲባል ግን የሚገኙት ሁሉ ወይ ሮዝ ናቸው ወይ ብርቱካን። ቀለም የሌላቸው ደግሞ ፊትን አመድ ያስመስላሉ።


ቀመርተኛው፦

ልክ ነሽ፣ ይህ የቀማሚዎች ድክመት ነው፤ ቆዳው ላይ ጥፋት የለም። አመዱ የሚመጣው ከዚንክ ኦክሳይድና ከታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው። «ማዕድናቱ ጨረሩን እንደ መስታወት ይመልሱታል» የሚባለው ግን አብዛኛው ስህተት ነው። ዩቪውን በዋናነት ውጠው ወደ ሙቀት ይቀይሩታል፣ የሚመልሱት ጥቂቱን ብቻ ነው። እየመለሱ የሚያስቸግሩን የሚታየውን ብርሃን ነው፣ አመዱም እሱ ነው።

መውጫ መንገዶቹ እንዲህ ናቸው። ማድያት ከሌለ በእነዚህ ዱቄቶች ፋንታ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ግልጽ ክሬም ውሰጂ፤ አመድ አይተውም። ማድያት ካለ ከቆዳሽ በአንድ ደረጃ የጠቆረውን ባለ ቀለም ምረጪ፣ የቀላውን አትያዢ። ስትመርጪም አይበሉባ ላይ አትፈትኚው። መንጋጋ ላይ ቀቢና ከ10 ደቂቃ በኋላ በቀን ብርሃን እዪው፤ አንዳንዶቹ ሲደርቁ መልካቸው ይለወጣል። ሌላው አማራጭ ግልጹን ሰንስክሪን በሙሉ መጠን ቀብቶ፣ ሲደርቅ በላዩ ቆዳሽን የሚመስል አይረን ኦክሳይድ ያለበት ፋውንዴሽን መደረብ ነው። ያኔ ዩቪውን ሰንስክሪኑ፣ ብርሃኑን ፋውንዴሽኑ ይይዝልሻል።


ሜዳ_ላይ፦

ውጪ ለሚውል ሰው ልጨምር። በየሁለት ሰዓቱ መድገም የሚለው ደንብ እንደ እኛ ላለ የሜዳ ሠራተኛ እንጂ ቢሮ ለሚቀመጥ አይደለም። ጠዋት ተቀብቶ ከመስኮት ርቆ የተቀመጠ ሰው በ6 ሰዓት ለምሳ ሲወጣ አንዴ ቢያድስ ይበቃዋል። ሜዳ ላይ ግን ሁለት ሰዓት የመጨረሻው ገደብ ነው። ላብ ካጠበው፣ ፎጣ ከነካው ወይም ውኃ ከገባችሁ ሰዓቱን ሳትጠብቁ ወዲያው ነው። «ውኃ ይቋቋማል» የሚል ጽሑፍ በአሜሪካ ደንብ 40 ወይም 80 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ተፈትኗል ማለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማለት አይደለም። ፎጣ ደግሞ በዚያ ፈተና ውስጥ የለም።

ለመላው ሰውነት የሚያዘው ቀመር 7 የሻይ ማንኪያ፣ 35 ሚሊ ሊትር ነው። ለእያንዳንዱ ክንድ አንድ፣ ለእያንዳንዱ እግር አንድ፣ ለደረትና ሆድ አንድ፣ ለጀርባ አንድ፣ ለፊት ከአንገትና ከጆሮ ጋር አንድ።

ስፕሬይ የምትጠቀሙ ሰዎች፦ ቆዳው እርጥብ ሆኖ እስኪያብረቀርቅ ንፉበትና በእጅ አዳርሱት። ነፋስ ላይ ግማሹ ቆዳውን ሳይነካ ይሄዳል። ፊት ላይ በቀጥታ አይነፋም፣ መዳፍ ላይ ተነፍቶ ይቀባል፤ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። እሳት አጠገብም አይነፋም። ስቲክ ከሆነ በአንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ አራት ጊዜ አመላልሱት። አንድ ጊዜ አንሸራትቶ ማለፍ ስስ መስመር ብቻ ይተዋል።

ከፍታም አትርሱ። በየ1,000 ሜትሩ ዩቪ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ ደካማ አይደለም፤ ቅዝቃዜው የሚያሳስተን ስለማይለበልበን ነው። ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፋል። አሸዋ 15 በመቶ ገደማ፣ አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ ድረስ ወደ ላይ ይመልሳል፤ ያኔ አገጭና አፍንጫ ከሥር በኩል ይቃጠላሉ። ስልኩ ላይ ዩቪ ኢንዴክስ (የጨረሩን ብርታት መለኪያ) የሚያሳይ ቁጥሩ 3 ሲደርስ ይቀባ። ስልክ የሌለው ጥላውን ይመልከት። ከቁመቱ ካጠረች ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው መካከል ነው።


የዋህ_ጠያቂ፦

መዓዛ ለፊትና ለአንገት ግማሽ ማንኪያ ብላ ነበር። አሁን ሙሉ ሆነ?


ሜዳ_ላይ፦

ጥሩ አስተውለሃል። ግማሹ ለዕለት ተዕለት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን ነው። የእኔው ሜዳ ላይ ለሚውል ሰው በለጋሱ የተሰጠ ነው፤ ጆሮን፣ ማጅራትንና ራሰ በራ ከሆነ አናቱን ጭምር ቆጥሮ። አናት በባርኔጣ ቢሸፈን ግን የተሻለ ነው፤ ዙሪያውን ቢያንስ 7.5 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ያለው ይሁን። ከፊት ብቻ ክፈፍ ያለው ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን ባዶ ይተዋል።


አይበሉባ፦

ላብ ሲወርድ ዓይን ውስጥ ገብቶ በጣም ይቆጠቁጣል። በዚህ ምክንያት የዓይን አካባቢን ሳይቀባ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው።


ቀመርተኛው፦

የሚቆጠቁጡት ዘይትነት ያላቸው የኬሚካል ማጣሪያዎች ናቸው፣ ከላብ ጋር ይንሸራተታሉ። ከቅንድብ በላይና በዓይን ዙሪያ በሰም የጠጠረ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ስቲክ ተጠቀሙ። ሰሙ አይንሸራተትም፣ ከግንባር የሚወርደውንም ያግዳል። እስከ ሽፋሽፍት ሥር ድረስ አትቅረቡ። እዚያ የሚቀረውን መነጽር ይሸፍነዋል። ለከንፈር ደግሞ ባለ 30 የከንፈር ቅባት አለ፤ ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ይደገማል።


ጥላዬ፦

ደርማ፣ ስለ ቀለሙ ያስረዳኸው ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ። ግን በየቀኑ መቀባት እንደሚጠቅም በእርግጥ ተፈትኗል ወይስ ግምት ነው?


ደርማ_ነክ፦

ተፈትኗል። ከሁሉ የታወቀው አውስትራሊያ ውስጥ ኩዊንስላንድ፣ ናምቡር በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 የተካሄደው ነው። 1,621 አዋቂዎች በዕጣ ተከፈሉ። አንዱ ወገን በየቀኑ ጭንቅላቱን፣ አንገቱን፣ ክንዱንና እጁን ተቀባ፤ ሌላው ወገን እንደ ልማዱ ቀጠለ። በየቀኑ በሚቀቡት ላይ ስኳመስ ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ቤዛል ሴል የሚባለው ግን በጥናቱ ጊዜ አልቀነሰም። ከዓመታት በኋላ በ2011 በወጣው ክትትል አዲስ ሜላኖማ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። በ2013 ደግሞ የቆዳ እርጅና ምልክታቸው በ24 በመቶ ዝቅ ብሎ ታየ። የጥናቱ ክሬም ኤስፒኤፍ 15 ገደማ ነበር! በየቀኑ መደጋገሙ ነው ውጤቱን ያመጣው።

ጥናቱ አብዛኛው ነጭ ቆዳ ባለው ሕዝብ ላይ ስለተሠራ የካንሰሩን ቁጥር ወደ ጥቁር ቆዳ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ይህን ቀድመህ ያነሳኸው ነጥብ ነውና ልክ ነበርክ።


ፀደይ_21፦

ኬሚካሎቹ ወደ ደም ይገባሉ የሚባለውስ?


መዓዛ_ፋርማ፦

ይገባሉ፣ እውነት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 ያወጣቸው ጥናቶች አቮቤንዞንና ኦክሲቤንዞንን ጨምሮ የተፈተኑት የኬሚካል ማጣሪያዎች ተጨማሪ የደኅንነት ጥናት ከሚጠይቀው ወሰን በላይ ደም ውስጥ መገኘታቸውን አሳይተዋል። ያ ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ናኖ ግራም ነው። መገኘታቸው ግን ጉዳት ማድረሳቸውን አያሳይም፤ መሥሪያ ቤቱም ሰዎች መቀባታቸውን እንዲቀጥሉ ነው የመከረው። የሚያሳስበው ሰው ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይምረጥ። ቶሎ ለሚቆጣ ቆዳም የሚስማሙት እነዚሁ ናቸው።

ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ግን መፍትሔው ክሬም ሳይሆን ጥላና ልብስ ነው። ከዚያ በላይ ለሆኑት ማዕድኑን መቀባት ይቻላል።

ከመድኃኒት ጋር የሚያያዘውን ደግሞ ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጨኛል። ዶክሲሳይክሊን፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለብጉር የሚዋጠው አይሶትሬቲኖይን ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጉታል። የሚቀቡት ሬቲኖይዶችና አሲዶችም እንዲሁ። ቆዳ ለማንጣት ተብለው የሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ተቀላቅሎ ይገኛል። ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። እነዚህን እየቀቡ በላዩ ሰንስክሪን መጨመር ጉዳቱን አያስቀረውም። ስቴሮይድን ለረጅም ጊዜ የቀባ ሰው በድንገት ሲያቆም ቆዳው ሊነድድበት ስለሚችል ማቋረጡን ከሐኪም ጋር ያድርገው።

የነፍሳት መከላከያ የሚቀባ ሰው መጀመሪያ ሰንስክሪን፣ ከደረቀ በኋላ መከላከያውን ያድርግ። ዲት (DEET) የሚባለው የነፍሳት ማባረሪያ ያለበት መከላከያ ኤስፒኤፍን እስከ ሲሶ ይቀንሳል፤ እሱን አስቦ ቶሎ ቶሎ ያድስ። ሁለቱ በአንድ ጠርሙስ የተቀላቀሉበትን አልመክርም፣ ሰንስክሪኑ በየሁለት ሰዓቱ ሲደገም የነፍሳቱ መድኃኒት ያለ አስፈላጊነት ይበዛል።


አይበሉባ፦

ማታ በሳሙና ብቻ አይለቅም፣ አፍንጫ ጎን ይደፈናል። በዚያ ላይ የሸሚዝ ኮሌታ ቢጫ ያደርጋል፤ በበረኪና ሲታጠብ ይባስ ብርቱካን ሆነ የሚሉ አሉ።


ቀመርተኛው፦

ለፊቱ፦ ደረቅ ፊት ላይ የሚያጸዳ ዘይት ወይም ባልም ለአንድ ደቂቃ ማሸት፣ ውኃ ጨምሮ ነጭ ሲሆን ማጠብ፣ ከዚያ በለስላሳ ሳሙና መድገም። ውኃ የሚቋቋመውን በውኃና በሳሙና ብቻ ማስለቀቅ ከባድ ነው። ቆዳን በመፈግፈግ አይካካስም።

ክሬሙን መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ከ30 ዲግሪ በታች ያስቀምጡ የሚባለው በምክንያት ነው። ሲሞቅ ዘይቱና ውኃው ይለያያሉ። ስትጨምቁት መጀመሪያ ውኃ ጠብ ካለ፣ ሲቀባ እንደ አሸዋ ከሻከረ ወይም ሽታው ከተለወጠ ጊዜው ባያልፍም ጣሉት። ስስ ፈሳሽ የሆኑት ግን በተፈጥሯቸው ይዘቅጣሉና ከመቀባት በፊት በደንብ መናጥ አለባቸው፤ ያንን ከመበላሸት ጋር አታምታቱት። የተከፈተ ቆርቆሮ ሥዕል ላይ 12 የሚል ካለ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ማለት ነው፣ የከፈታችሁበትን ቀን ቱቦው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት።

የኮሌታው ቢጫ ከአቮቤንዞን ነው። አቮቤንዞን ውኃ ውስጥ ካለ ብረት ጋር ተያይዞ እንደ ዝገት ያለ ቀለም ይሠራል፣ በረኪና ደግሞ ያብሰዋል። ዘይቱን መጀመሪያ በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና አሽታችሁ በሞቀ ውኃ አውጡት። ቢጫው ከቀረ የሎሚ ጭማቂ ወይም ሲትሪክ አሲድ አፍስሱበትና ሠላሳ ደቂቃ አቆይታችሁ በብዙ ውኃ አለቅልቁ። በረኪና የነካውን ልብስ በደንብ ሳታለቀልቁ ሎሚ አታፍስሱበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል። ልብሱን ከመልበስ በፊት አንገት ላይ ያለው ክሬም 10 ወይም 15 ደቂቃ ቢደርቅ ኮሌታው ላይ የሚቀረው በጣም ያንሳል፤ አንገታችሁም ላይ የቀባችሁት ሳይጠረግ ይቆያል።